ዳቦ ይዘን ወደ ደብረ ሊባኖስ

እናቴ ወደ ደብረ ሊባኖስ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ለነሐሴ 24፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ ስታቦካና ስትጋግር ሰነበተች። ስድስት ድፎ ዳቦ! «እማዬ፣ እዚያ እኮ የሚሸጥ ዳቦ ሞልቷል፤ ምን ያደክምሻል?» ስላት፣ «የተገዛና የተጋገረ አንድ ነው እንዴ?» ብላ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰችልኝ። 72 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ሊጥ ላይ ስትሆን ግን የሚያማት አይመስልም።

እኔ የሄድኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እሷን ብቻዋን ላለመልቀቅ። ሁለተኛው የመጨረሻ ልጄ ነው፤ 12 ዓመቱ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ስላሳለፈ ከቤት ላወጣው ፈለግኩ። ከዚህ ሌላ ከቦታው ጋር የቆየ ዝምድና አለኝ። በሦስት ዓመቴ ልምሻ መትቶኝ እናቴ አዝላ ጠበል እንደወሰደችኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደቆምኩ፣ በቤታችን ስንት ጊዜ ተወርቷል። ግራ እግሬ እስከ ዛሬ ትንሽ ይጎተታል። (ዛሬ በጠብታ ክትባት የሚመለስ በሽታ ነው፤ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አገላብጡ።) ጠበሉ ጋ ስንት ጊዜ እንደቆየን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሁለት ሳምንት ይመስለኝ ነበር።

በአውቶቡስ የወጣነው ዓርብ፣ በዋዜማው ነው። ጉዞውን ያዘጋጀው የሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ነው። ከአዲሱ ገበያ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ይሄዳል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ተገለጠ። ሜዳው ውሃ አቁሯል፣ ሣሩ ለዓይን ይከብዳል፣ ላሞቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ይግጣሉ። ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ደብረ ጽጌን እያለፍን የወተት ጣሳ የጫኑ አህዮችና ባጃጆች እናያለን። ሰላሌ የወተት አገር ነው፤ ዕለቱ ደግሞ ዓርብ። ልጄ ወተቱን እያየ፣ «ምናለ ቅዳሜ ቢሆን» አለ። አያቱ ጥብስ በቆሎ ገዝታ አስያዘችው።

ከፍቼ ከተማ ሳይደረስ መንገዱ በስተቀኝ ይገነጠላል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ የቆየ ሰው እዚያ ሲደርስ ይደነግጣል። መሬቱ በአንዴ ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች የጀማ ወንዝ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ገዳሙ ከገደሉ ወገብ ላይ ተለጥፎ፣ ከላዩ ፏፏቴ እየወረደበት ይታያል። የጭላዳ ዝንጀሮዎች በአፋፉ ላይ ሣር ይነጫሉ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወዲያው አወጣው፤ ፎቶ ሊያነሳ።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ መጀመሪያ የተቀበሉን ዝርዝር ሻጮች ናቸው። አሥር ብር ትሰጣቸዋላችሁ፣ ዘጠኝ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይሰጧችኋል። ለመመጽወት የመጣ ሰው በመግቢያው ላይ ኮሚሽን ይከፍላል ማለት ነው። እናቴ ይህን አትወድም፤ ግን ትዘረዝራለች።

ከዚያ መንገዱ ይጀምራል። በግራም በቀኝም፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከዚያም ወደ ጠበሉ ዋሻ በሚወጣው አቀበት፣ ሰው ተቀምጧል። ዓይነ ስውራን፣ አረጋውያን፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ እግራቸውን ወደ መንገዱ የዘረጉ ሕሙማን። ፕላስቲክ ለብሰው፣ ፊታቸው ጨርቅ አንጥፈው ዝናብ ይመታቸዋል። «ስለ ተክለ ሃይማኖት!» የሚለው ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀባበላል።

ልጄ የመጀመሪያውን ሳንቲም ጨርቅ ላይ ወርውሮ አለፈ። አያቱ ክንዱን ይዛ መለሰችው።

«አንሳው።»

«ሰጠሁ እኮ፣ አያቴ።»

«ወረወርክ እንጂ መቼ ሰጠህ? አንሳና በእጃቸው አድርግላቸው። ዓይናቸውን እያየህ።»

ልጁ ቀላ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳና በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረው። ሽማግሌው «እደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብለው መረቁት። ከዚያ በኋላ አንድም አልወረወረም። እናቴ ዳቦውን በቢላዋ አትቆርስም፤ በእጇ እየገመሰች ትሰጣለች። ለአንዳንዶቹ ታቆማለች፤ ከየት እንደመጡ ትጠይቃለች። ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሦስተኛው ድፎ ሲያልቅ ልጄ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «እማ፣ ነገስ?»

«ነገ በዓሉ ነው፤ ሰው ከዛሬም ይበዛል።»

«አይደለም። በዓሉ ካለቀ በኋላ። ሰኞ ማን ይሰጣቸዋል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ ያየውም የልጁን ጥያቄ የሚደግፍ ነው። ከመንገዱ ዳር ካሉት አንዳንዶቹ ፊት ዳቦው ተከምሮ ዝናብ እየበላው ነበር። የዓመቱ ምጽዋት በሁለት ቀን ይዘንባል፤ ከዚያ ደረቅ ነው።

በአማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንላለን። እኔን የሚመስል፣ እንደኔው ያለ ማለት ነው። ስንጠራው ግን የምንለውን ቃል አንሰማውም።

ገዳሙ የተቸገረ ሰው መጠጊያ የሆነው ትናንት አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲመሠርቱት ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሰኙት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጻድቁ በዋሻው ውስጥ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ እንዳልተቀመጡ ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸው በአንድ እግር የሚሣለውም ለዚህ ነው። እግሩን ያመመው ሰው ወደዚህ መምጣቱ አይገርምም። በተለይ የሥጋ ደዌ ያለባቸው ወገኖች ከመንደራቸው ሲባረሩ የሚጠጉት ወደዚህ ነበር። በሽታው ዛሬ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል፤ በዚያ ዘመን ግን ጠበሉና የመንገደኛው ዳቦ ብቻ ነበር ያላቸው።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. ይህ ቦታ ሰው አልባ ሊሆን ደርሶ ነበር። በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት የመጡት ምእመናን ተይዘው ተረሸኑ። ታሪኩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል። ገዳሙ ግን እንደገና ሰው ሞላው፤ ከመነኮሳቱ ጋር ድሆቹም ተመለሱ።

ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ሁሉ የሚበላው ከየት ይመጣ ነበር? ከመሬት። ታላላቅ ገዳማት ሰፋፊ ይዞታ ነበራቸው፤ የደብረ ሊባኖስ አበምኔት በድሮ ማዕረጉ እጨጌ ተብሎ ከአገሪቱ ባለሥልጣናት ተርታ ይቆጠር ነበር። ከዚያ መሬት የተነሣ ገባሩ መበደሉንም አልክድም፤ ለነዳያን የሚታደለው ዳቦ ሌላ ድሃ ያረሰው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የገዳማቱ ይዞታም አብሮ ሄደ። ገባሩ ነፃ ወጣ፤ የገዳሙ ጎተራ ደግሞ ጎደለ። ከዚያ ወዲህ ገዳማት በአብዛኛው የሚኖሩት በምእመናን ስጦታና በራሳቸው ጉልበት ነው። በመንገዱ ዳር ያሉትም እንደዚያው።

ማታ ዋዜማው ተቁሞ ስንመለስ እግር ማሳረፊያ ያገኘነው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ከጎናችን ከወደ መንዝ የመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ለልጄ አፈሱለት። ልጁ ያንኑ ጥያቄ ለእሳቸውም አቀረበ፤ ሰኞስ?

«በእኛ ደብር ሰኞ የሚባል ችግር የለም» አሉ ሳቅ ብለው። «ሰንበቴ አለን።»

ለከተማ ልጆች ሰንበቴ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለእኔ ልጅም አስፈልጎታል። የአንድ ደብር ሰዎች ተሰባስበው ተራ ይገባሉ። ተረኛው እሑድ ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ቤተ ክርስቲያን ወዳለው ሰንበቴ ቤት ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርካል፣ አባላቱ ይቀመጣሉ፣ ድሃውም መንገደኛውም አብሮ ይቀመጣል። የሚታደለው ከውጭ በር ላይ አይደለም፤ ከውስጥ ነው። ሽማግሌው እንደነገሩን ከአባላቱ አንዱ በሬ ቢሞትበት ሌሎቹ ጠምደው ያርሱለታል፤ ቢታመም አዝመራውን ይሰበስቡለታል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተራዋን ማውጣት ቢያቅታት፣ «ተራሽን ዘለልን» አይሏትም፤ እህሉን በሌሊት ቤቷ አድርሰው በተራዋ እሷ እንድታቀርብ ያደርጋሉ።

«ለምን በሌሊት?» አለ ልጄ።

«ሰው እንዳያይ ነዋ። ሰጪ ሆና እንድትቀመጥ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአዲስ አበባ ስንት አጥቢያ አውቃለሁ፤ አጥሩ ዙሪያውን በኪራይ ሱቅ ተከቦ፣ በሱቆቹ መካከል ደግሞ ነዳያን ተቀምጠው። ኪራይ መሰብሰቡን አልነቅፍም፤ አገልጋይም ይበላል። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ግን አባላቱ ተዘጋግተው ሲበሉ፣ ድሃው ትራፊውን ከደጅ ሲጠብቅ ማየቴን አልረሳም። ያው ሰንበቴ ነው፤ በሩ የት ላይ እንዳለ ነው ልዩነቱ።

በትልቁ ደረጃም ያልተሞከረ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ውሃ ማውጣት፣ እርሻ፣ የስደተኞች እርዳታ ሥራው ነው። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በውጭ አገር ላሉ ረጂዎች ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይታችሁ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ አትስጡ የሚል ነው። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናት በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በየራሳቸው መንገድ፣ የልጄን ጥያቄ እየጠየቁ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ግን ሒሳብና ቢሮ ስለሚፈልግ ከእኛ እጅ የራቀ ይመስለናል። ለእኛ የቀረን ሳንቲም መዘርዘር ነው።

ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሦስት የአብነት ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው በአዳራሹ በር «በእንተ ስማ ለማርያም!» እያሉ ቆሙ። ትልቁ ከልጄ ጋር እኩያ ይሆናል፤ ደበሎ ለብሷል። እናቴ አራተኛውን ድፎ ሙሉውን ሰጠቻቸው። የእነዚህ ልጆች ትምህርት ያለ ክፍያ ነው፤ መምህሩ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አገሩ ይቀልባል፣ ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል። ብርዱና የውሻው ንክሻ ከባድ ነው፤ ማንም እናት ልጇን ለዚያ አትመኝም። ሆኖም ምንም የሌለው የገበሬ ልጅ ማንበብን፣ ዜማን፣ ቅኔን ለዘመናት የተማረው በዚህ ነው። ልጄ ተማሪውን «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ ጠየቀው። «ዳዊት ደግሜያለሁ፤ አሁን ጾመ ድጓ ላይ ነኝ» አለው። ሁለቱም የተባባሉት የገባቸው አይመስለኝም፤ ግን ተሳሳቁ።

ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ስም ልታስጠራ ወደ አንድ ካህን ሄደች። በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ የምታኖረው የታጠፈ ወረቀት አለ፤ የሞቱብን ዘመዶች የክርስትና ስም የተጻፈበት። ዓይኗ ስለደከመ ልጄን «አንተ አንብብላቸው» አለችው። የአባቷን አነበበ፣ የእናቷን፣ የአባቴን፣ የሁለት ወንድሞቿን። ከዚያ አንድ የሴት ስም። እኔም ያን ስም በወረቀቱ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የሩቅ አክስት ናት ብዬ አልፌዋለሁ። ልጅ ግን አያልፍም።

«አያቴ፣ ይቺ ደግሞ ማናት?»

እናቴ ወዲያው አልመለሰችም። ካህኑ ጨርሰው፣ ስማችንን ጠርተው፣ መስቀል አሳልመውን ወደ ጠበሉ አቀበት ስንያያዘው ነው መናገር የጀመረችው። ለእኔ አልነበረም፤ ለልጁ ነው የነገረችው። እኔ ከኋላ እግሬን እየጎተትኩ እሰማለሁ።

«እናትህን አዝዬ እዚህ የመጣሁት በ67 ዓ.ም. ነው፤ በግንቦት። አያትህ በንዳድ ሞቶ ዓመት አልሞላውም። የያዝኩት ስንቅ ለሳምንት ነበር። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተቀመጥን።»

«አራት ወር? የት?»

«እዚህ። እዚህ መንገድ ላይ።»

ልጄ ቆመ። እኔም ቆምኩ። በመንገዱ ዳር የተቀመጡትን አየሁ። ከትናንት ጀምሮ ሳንቲም ሳድላቸው የነበሩትን።

«ገዳሙ ጠዋት ንፍሮ ይሰጥ ነበር። ያን ክረምት ግን አነሰ፤ ሰው ሲበዛ፣ እህሉ ሲያንስ። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ እጅ እግር አለኝ፤ ማን ይሰጠኛል? ‹ሥሪ› ይሉኛል። ልጅ አዝዬ ምን ልሥራ? ከጎኔ ትቀመጥ የነበረች ሴት ናት። የእጇ ጣት አልቋል፤ የሥጋ ደዌ ነው። እሷን እያዩ ሰዎች ብዙ ይሰጧታል። ማታ ማታ ከሰበሰበችው ዳቦ ከፍላ በክርኗ ወደኔ ትገፋልኛለች።»

«በላችሁት?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። አፈርኩም። ላንተ አልዋሽም፤ ሦስት ቀን ለውሻ ሰጠሁ። አየችኝ፤ ምንም አላለች። በአራተኛው ቀን እናትህ ከእጄ ነጥቃ በላችው።» እናቴ ትንሽ ሳቀች። «ከዚያ ሦስታችንም አብረን በላን። እስከ ነሐሴ። እናትህ እሷን ይዛ ነው የቆመችው፤ በትከሻዋ ተደግፋ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ስሟን ጠየቅኳት። ሌላ የማውቀው የለም። በዓመቱ ዳቦ ጋግሬ ስመጣ አልነበረችም።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። አፍራ ነው የደበቀችው እንዳልል፣ ስሟን በየዓመቱ በካህን አፍ ታስጠራለች። ሰው ሊበላ ወይም ሊያበላ እዚህ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል። እናቴ ለምን ዳቦ እንደማትገዛ የገባኝ እዚያ አቀበት ላይ ነው።

ከጠበሉ ስንወርድ የማኅበራችንን ሰብሳቢ አገኘኋቸው። ቀጣዩን ጉዞ በኅዳር ውስጥ፣ በዓል በሌለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ ብናደርገውስ አልኳቸው፤ ከዚያም በየሁለት ወሩ፣ በተራ፣ እንደ ሰንበቴ። «ማክሰኞ ማን ይመጣል? ሰው ሥራ አለው» አሉኝ። እኔና እናቴ እንመጣለን፣ የጤፉን ወጪ በዓሉ ላይ ከምናወጣው ቀንሰን እናዋጣለን አልኩ። «ለስብሰባ አቀርበዋለሁ» አሉ። እስካሁን ስብሰባው አልተጠራም፤ እኔ ግን ስልክ መደወሌን አልተውኩም። ልጄም አይረሳም፤ «ማክሰኞው ደረሰ?» ይለኛል።

ልንሳፈር ስንል ከስድስቱ ድፎ አንዱ ቀርቶ ነበር። እናቴ አቅፋው ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ወዳለ አንድ ድንጋይ ሄደች። ያ ድንጋይ መሆኑን በምን እንዳወቀች አላውቅም፤ ለእኔ ሁሉም ድንጋይ አንድ ነው። አንዲት ወጣት ሴት በፕላስቲክ የተሸፈነ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። እጅ እግር አላት፤ ከፊቷ ያለው ጨርቅ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እናቴ ዳቦውን ሰጠቻትና አልተመለሰችም። ነጠላዋን አመቻችታ ከጎኗ ተቀመጠች። ሴትየዋ ግራ ገባት፤ ትንሽ ቆይታ ዳቦውን ገምሳ ለእናቴ ዘረጋችላት። ተቀበለቻት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጄ ወደኔ አየ፤ ከዚያ ሮጦ ሄዶ በሌላ ጎኗ ተቀመጠ። ሹፌሩ እንደገና ነፋ።